የጃኒን ልጅ ስም

ጃኒን ጠጪ ነበረች። እንድታዝኑላት ብዬ አልደብቅም፤ ልጇን የወሰዱባትም በዚሁ ነው። ሕፃኗ ሦስት ዓመት ሲሞላት ለሌላ ቤተሰብ በማደጎ ተሰጠች። ጃኒን መጠጡን እርግፍ አድርጋ የተወችው ከዚያ በኋላ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ!

እንግሊዝ አገር፣ ብሪድሊንግተን ባሕሩ ዳር፣ የማስታወሻ ዕቃ ሱቅ ውስጥ አብረን እንሠራለን። በሩ አጠገብ የስም ካርዶች ተሰቅለዋል፤ ስሙ ከላይ፣ ትርጉሙ ከሥር። ጃኒን «ሄይሊ» የሚለውን በየጠዋቱ ታቃናዋለች፤ የልጇ ስም ነው። «የድርቆሽ ሜዳ» ማለት ነው፣ በጥንቱ እንግሊዝኛ። መጀመሪያ የቦታ ስም ነበር፣ ቀጥሎ የቤተሰብ መጠሪያ፣ በኛ ዘመን ደግሞ የሴት ልጅ ስም ሆነ።

«ድርቆሽ ደግሞ ምን ስም ነው? የላም ምሳ!» ብዬ ተረብኳት አንድ ቀን።

«ማርገዜን ያወቅኩት አያቴ ጋ ሣር ስናጭድ ነው» አለች። «በሕይወቴ ደስ ያለኝ ያን በጋ ብቻ ነው። ለልጄ ከስሟ ሌላ ምን ሰጠኋት፣ ሞሪን?»



በማደጎ ቢሮው በኩል በዓመት አንድ ደብዳቤ ይፈቀድላታል። ስድስት ዓመት ጻፈች፤ መልስ የለም። በሰባተኛው ካርዱንም አብራ ላከች፤ «ስምሽን ለምን እንዳወጣሁልሽ እወቂልኝ» ብላ።

ከአሳዳጊዎቿ መልስ መጣ! ፖስታውን ለኔ ሰጠችኝና አነበብኩላት። ልጅቷ ደህና ናት፤ ዋና ተምራለች። እነሱ ቤት ከገባች ጀምሮ ግን የምትጠራው ኢሞጅን ተብላ ነው፤ የድሮ ስሟን አታስታውሰውም። እንዳትደናገር ብለው ካርዱን አልሰጧትም። ከእንግዲህ በአዲሱ ስሟ እንድትጽፍላት በትሕትና ጠይቀዋል።

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይላሉ። ወሬ! ይኸው እናቲቱ በቁሟ እያየች ጠፋ።

«በነሱ ስም ጻፊላት የኔ እናት፣ ምን ቸገረሽ?» አልኳት።

«ኢሞጅንን አላውቃትም። ለማላውቃት ልጅ ምን ብዬ ልጻፍ?»

በዓመቱ አልጻፈችም። በሚቀጥለውም። ለመንኳት፣ ሰደብኳት፣ ወረቀትና እስክሪብቶ ፊቷ አስቀመጥኩ፤ ወይ ፍንክች!

ልጅቷ አሥራ ስምንት ሲሞላት ማደጎ ቢሮው ያለውን ፋይሏን ማየት ትችላለች። ሰባት ደብዳቤ ታገኛለች፣ ከዚያ ባዶ። እናቴ ሰልችቻት ተወችኝ ትላለች እንጂ፣ ሌላ ምን ትላለች?