እትዬ ዘቢደር ያልጨረሱት ልቦለድ

እትዬ ዘቢደር በስልሳ አራት ዓመታቸው ፍቅር ያዛቸው። የወደዱት ሰው አይደለም፤ ልቦለድ ነው፣ ያውም ነፍስ የጠፋበት።

እኔና እሳቸው ኮተቤ ውስጥ ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤታሞች ነን። ሠላሳ ዓመት በኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት ሠርተው ጡረታ ወጥተዋል። እኔ ልቦለድ አልወድም፤ ለእውነተኛው ሟች ማልቀስ መች አነሰንና! እሳቸው ግን የሐሞት ጠጠር ቀዶ ሕክምና አድርገው በተኙበት ሰሞን ታናሽ ወንድማቸው ሕሩይ ከጅማ ሊጠይቃቸው መጣና፣ መገናኛ መንገድ ዳር ከተዘረጉት መጻሕፍት አንዱን ገዝቶ አመጣላቸው።

«እኔ አንብቤዋለሁ» አላቸው። «እሑድ እሑድ የጠረጠርሽውን ትነግሪኛለሽ። ስትጨርሺ ደግሞ ደውይልኝ።»

ብድሩን መመለሱ ነው። እንጦጦ ማርያም አጠገብ እናት የሌለውን ሕሩይን ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። ታሪክ ሲያነቡለት ልብ የሚሰቅለው ቦታ ላይ መጽሐፉን ዘግተው ውኃ ያስቀዱት ነበር።

ታሪኩ ባሕር ማዶ፣ ጭጋግ የማይለቀው አሮጌ ኮሌጅ ውስጥ ነው። ጥቁር ካፖርት ለብሰው በሻማ የሚያጠኑ ተማሪዎች አሉ፤ አንደኛው ቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት ሞቶ ይገኛል። እትዬ ዘቢደር ከነፉ።

«ሣራ፣ እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት ተማሪ ወንበር ሰበረ ብዬ ስቆጣ ነው። ይኼ ሁሉ ምሥጢር የት ነበር?» ይሉኛል።

ሁለት እሑድ ደወሉ። መጀመሪያ መምህሩን፣ ቀጥሎ የሟቹን ፍቅረኛ ጠረጠሩ። ሕሩይ እየሳቀ «አልደረስሽበትም» አላቸው።

ሦስተኛው እሑድ ሳይደርስ ሕሩይ ሞተ። ዓርብ ከሥራ ሲመለስ መኪና ገጨው። ሚስቱና ልጆቹ ባሉበት እዚያው ጅማ ተቀበረ።

ሐኪሙ ድንጋጤ እንዳይነካቸው ብሎ ስለነበር፣ ቁስላቸው እስኪደርቅ መርዶው ይቆይ ተባለ። እኔም ተስማማሁ፤ እስከ ዛሬ ራሴን የምረግመው በዚህ ነው። ዘመድ ሁሉ እኔ ቤት ገብቶ ጥቁር ልብሱን ይለውጥና፣ ፊቱን ታጥቦ፣ እየሳቀ እሳቸው ዘንድ ይዘልቃል። አልጋዬ ላይ የሐዘን ልብስ ተቆልሎ ከረመ።

እሑድ ዕለት «የሕሩይ ስልክ ዝግ ነው» አሉኝ።

«የጅማ ኔትወርክ ተበላሽቷል አሉ» አልኩ።

ቀና ብለው ትክ ብለው አዩኝና ወደ መጽሐፋቸው ተመለሱ። ከዚያ ወዲያ ስለ ሕሩይ አልጠየቁኝም። እኔ ሞኟ መጽሐፉ አስረሳቸው ብዬ ተመስገን አልኩ።

በሳምንቱ ከሰዓት በኋላ ሾርባ ይዤ ስገባ «ገዳዩን ሳልደርስበት አልቀረሁም» አሉኝ።

«በምን አወቁ?»

«ሁሉም ልጁ እንዴት ሞተ፣ መቼ ሞተ እያለ ይጠይቃል። አንዱ ብቻ አይጠይቅም። የሚያውቅ ሰው ምን ብሎ ይጠይቃል?»

ድምፃቸው ተንቀጠቀጠ። ቁስሉ ያመማቸው መስሎኝ ትራሳቸውን አስተካከልኩላቸው።

«ታዲያ አይጨርሱትም? ትንሽ ነው የቀረው።»

«አልቸኩልም» አሉ።

ምልክት ያደረጉት የሕሩይን የአውቶቡስ ትኬት ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ትኬቱ ከገጹ ንቅንቅ አላለም። በየቀኑ መጽሐፉን ከፍተው ይይዙታል፤ ቅጠል ሲገልጡ ግን አላየሁም።

በወሩ ጎህ ሲቀድ ልናረዳቸው ሄድን። አጎታቸው አቶ ገላው ከፊት፣ እኛ ከኋላ። በሩ ክፍት ነው። እትዬ ዘቢደር ጥቁር ለብሰው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ተቀምጠዋል።

«ግቡ» አሉን። «ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ‹ሕሩይስ ደህና ነው?› ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ሲጠፋ አወቅኩት። ወር ሙሉ ብቻዬን አለቀስኩት። እየሳቃችሁ ስትገቡ አንጀቴን በላችሁት፤ ላላሳፍራችሁ ብዬ ዝም አልኩ።»

እኔ እግራቸው ሥር ወድቄ ጮህኩ። የምናጽናና መስሎን የሄድነውን እሳቸው አጽናኑን።

ለቀስተኛው ከተበተነ በኋላ አንድ ቀን መጽሐፉን ከራስጌያቸው አነሳሁ። ልቦለድ የማልወደው እኔ፣ ሌላ የምክሳቸው ነገር አጣሁ።

«ሃያ ገጽ ነው የቀረው፤ እኔ ላንብብልዎ» አልኳቸው።

ከእጄ ወስደው፣ ትኬቱን ወደ ውስጥ ገፋ አድርገው ዘጉት።

«ስትጨርሺ ደውይልኝ ብሎኛል እኮ፣ ሣራ። ጨርሼ ለማን ልደውል?»