ትከሻዬ፣ ታቦቱና ባሕር ዛፉ

ቀኝ ትከሻዬን መቼ እንዳመመኝ በትክክል አላውቅም። ባለቤቴ ሞፈርና ቀንበር ተሸክሜ ከእርሻ ስገባ ነው ትላለች፤ እኔ ደግሞ በጎኔ ተጭኜው አድሬ ይሆናል እል ነበር። ብቻ አንድ ጠዋት ጋቢዬን ልደርብ ስል እጄ ከደረቴ በላይ አልሄድ አለኝ። ይጁቤ አጠገብ ያለች የአንዲት ገጠር ቤተ ክርስቲያን ቄስ ነኝ፤ እንደ ሰዉ ሁሉ አርሼ ነው የምበላው። እጅ ሲሰንፍ ቅዳሴውም እርሻውም ይጎድላል።

ጎረቤት ብርድ ነው አለኝ። ወጌሻው ወለም ብሎታል ብሎ በቅቤ ሲያሸኝ ዋለና እንባዬን አስመጣው። ጠበል ገባሁ፤ ቀለል አለኝ፣ በነጋታው ብሶ ጠበቀኝ። ሁሉም እርግጠኛ ነው። እርግጠኛ ያልሆንኩት ባለ ትከሻው ብቻ ነበርኩ።

በመጨረሻ ማርቆስ ሐኪም ቤት ሄድኩ። ሐኪሙ ልጄ ሊሆን የሚደርስ ነው። እጄን ወደ ላይም ወደ ጎንም እየገፋ ሲያየኝ ቆየና ስኳር እንዳለብኝ ጠየቀኝ፤ የለብኝም። የመገጣጠሚያው ሽፋን ተኮማትሮ ትከሻዬ እንደ ተቆለፈ ነገረኝ። ለምን ተቆለፈ ብዬ ብጠይቀው፣ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ አይታወቅም አለኝ። አላውቅም ለመባል ነው ይህን ሁሉ መንገድ የመጣሁት ብዬ ተናደድኩ። በየቀኑ ግድግዳ ፊት ቆሜ፣ ግድግዳውን በጣቶቼ ቀስ እያልኩ እንድወጣው አዘዘኝ፤ ዓመትም ቢፈጅ ይፈታል አለ። ቄስ ከግድግዳ ጋር ሲታገል ያየች ባለቤቴ ስቃ አልጠገበችም።

የእኔ ጭንቀት ግን ጥምቀት ነበር። በዚያ ዓመት ታቦቱን የምሸከመው እኔ ነኝ። ታቦት በራስ ላይ ነው የሚያዘው፤ ሁለት እጅ ሽቅብ ተነሥቶ መደገፍ አለበት። ቢያዳልጠኝስ? እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ። ለአለቃችን ሕመሜን ነገርኳቸው። የምትሸከመው ይሸከምሃል አሉኝ፤ በዚያው አለቀ።

ወደ ጥምቀተ ባሕሩ ስንወርድ ደህና ነበርኩ። አጠገቤ የሚሄደው ቄስ ቀኝ ክርኔን ከሥር ገፍቶ እጄን አወጣልኝ፣ እጄም እዚያው ቆየልኝ። በማግስቱ ስንመለስ ግን ከመንገዱ ዳር ካለው ባሕር ዛፍ ዘንድ ስንደርስ ትከሻዬ ውስጥ አንድ ነገር የተቀደደ መሰለኝ። ዓይኔ ጨለመ፤ ቆምኩ።

ያ ባሕር ዛፍ የአንድ የንስሐ ልጄ ንብረት ነው። ድንበር ላይ ተክሎት የጎረቤቱ ጤፍ በጥላው ቀጭጮ ቀርቷል፤ ሁለቱ ሰላምታ ካቋረጡ ዓመታት አልፈዋል። ቁረጠውና ታረቁ ብዬ ስለምነው ኖሬያለሁ። ለልጁ ቤት መሥሪያ ያሳደገው ነውና፣ ለምሰሶ ሳይደርስ አልቆርጠውም ብሎ እሺ አላለኝም።

ሕዝቡ ታቦቱ አልሄድም አለ ብሎ አሰበ። እልልታው ቀጥ አለ፤ አንዱ እግዚኦ ሲል ሁሉም ተቀበለው። ታቦት የተሸከመ አይናገርም፤ ትከሻዬ ነው ብዬ መጮህ እያማረኝ ዝም አልኩ። ሰዉ የት እንደ ቆምኩ አየና ዓይኑን ወደ ዛፉ መለሰ። የንስሐ ልጄ ከመሐል ወጥቶ መሬት ላይ ተደፋ፤ እቆርጠዋለሁ እያለ አለቀሰ። ጎረቤቱ መጥቶ አነሣው፤ ተቃቀፉ። እልልታው ቀለጠ፣ የጎኔ ቄስ ክርኔን ደገፈኝ፣ እኔም ሄድኩ።

ከበዓሉ በኋላ፣ ያቆመኝ ትከሻዬ ነው አልኳቸው ለአለቃችን። እሳቸው ግን፣

«የታመመው ትከሻህ ነው። እግርህን ማን አቆመው?» አሉኝ።

ትከሻዬ ነው እንዳልል፣ ያን ሁሉ መንገድ ችሎኝ እዚያው ዛፍ ሥር ለምን? ታቦቱ ነው እንዳልል፣ ሕመሙን የማውቀው እኔ ነኝ። ከሁሉ የሚያስፈራኝ ደግሞ ሦስተኛው ነው። ያን ዛፍ ለዓመታት የጠላሁት እኔ፣ ሳላውቀው ቦታውን መርጬው ቢሆንስ?

ዛፉ ሳይቆረጥ ለንስሐ ልጄ እውነቱን ልንገረው ብዬ ቤቱ ሄድኩ። ስለ ሐኪሙም፣ ስለ ግድግዳውም ነገርኩት፤ ዛፉን ለመቁረጥ አትቸኩል አልኩት። ለእኔ አዝነው ነው እንዲህ የሚሉት ብሎ መስቀሌን ተሳለመና መጥረቢያውን አነሣ። ዛፉ ሲወድቅ እያየሁ ቆምኩ። የልጁ ቤት እስከ ዛሬ አልተሠራም።

ትከሻዬ ሐኪሙ እንዳለው ቀስ በቀስ ተፈታ። ለምን እንደ ተቆለፈ እንዳላወቅሁ ሁሉ ለምን እንደ ተፈታም አላውቅም፤ ባለቤቴ ጠበሉ ነው ትላለች፣ እኔ ግድግዳው ነው እላለሁ። ዘንድሮ ታቦቱን ስሸከም ቀኝ እጄ ያለ ደጋፊ ወጣ።

ስንመለስ ያው ቦታ ደረስን። ሰዉ ዝማሬውን ዝግ አደረገ፤ የሚያየው እግሬን ነበር። ባሕር ዛፍ ቢቆርጡት አይሞትም፣ ጉቶው ዙሪያውን አቆጥቁጦ የጉልበት ቁመት ደርሷል። ትከሻዬ ምንም አላለኝም። እግሬ ግን ቆመ።

የንስሐ ልጄ ከፊቴ ነበር። ቡቃያውን አየ፣ እኔን አየ፤ ፊቱ አመድ መሰለ።

«አባ፣ ደግሞ ምን ቀረኝ?» አለ ቀስ ብሎ።

ታቦት የተሸከመ አይናገርም። እኔ ግን ተናገርኩ።

«አላውቅም፣ ልጄ» አልኩት።

ከዚያ እግሬ ተነሣ። ያነሣሁት እኔ ልሁን ሌላ፣ እሱንም አላውቅም።