ሁለት መርፌና አንድ ከበሮ

አለኸኝ የአውሮፕላን ጠጋኝ ነው፤ የሚጠግነው አውሮፕላን ግን አይበርም። ይህን ለወረታ ሰው ማስረዳት ፎገራን በክረምት በእግር ከማቋረጥ ይከብዳል። «ካልበረረ ምኑን ትጠግነዋለህ?» ይሉታል። እሱም ሳይሰለች ያስረዳል፦ አዲስ አበባ አንድ ትልቅ አዳራሽ ውስጥ የቆመ ማለማመጃ አለ፤ ክንፍም ጭራም የለው፣ የአብራሪዎቹ ክፍል ብቻ ነው። ሠልጣኞች እውነተኛውን ከመንካታቸው በፊት እዚያ ገብተው መነሣትና ማረፍ ይማራሉ። ሰዉ ራሱን እየነቀነቀ ይሰማውና በማግስቱ «እህሳ፣ ዛሬስ በረረ?» ብሎ ይጠይቀዋል። ምን ይደረግ!

በ1974 ዓ.ም. ለኅዳር ሚካኤል ንግሥ የይለፍ ወረቀት አውጥቶ አገሩ ሲገባ ግን ቀልዱ አላሳቀውም። ማለማመጃው ታሞ ነበር። ሰማዩ በደመና ሲሸፈን አብራሪውን ወደ ሜዳው የሚመራ መሣሪያ አለ፤ መርፌዋ መሃል ከቆመች መንገዱ ልክ ነው፣ ዝቅ ካለች «ውረድ» ማለቷ ነው። ይህች መርፌ ያለ ምክንያት ዝቅ ብላ ቀረች። እሷን ያመነ ሠልጣኝ ሁሉ ሜዳው ሳይደርስ መሬት ውስጥ ይገባል። ደግነቱ፣ ወዲያው ከአዳራሹ ወጥቶ ሻይ ይጠጣል።

አለቃው ግን ቁርጡን ነግሮታል፦ እስከ ሰኞ ካልተስተካከለ ማለማመጃው ይዘጋል፣ አለኸኝም ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ይመለሳል። ግምጃ ቤቱ ሦስት ዓመት ብሎን ሲለይ የኖረበት ነው። ከዚያ ለመውጣት ብዙ ፍዳ አይቷል።

ያልሞከረው አልነበረም። መርፌዋ በየወንበሩ ፊት አለችና እሱ በግራ ያለውን የዋናውን አብራሪ ወንበር፣ ባልደረባው መንግሥቴ በቀኝ ያለውን የረዳቱን ወንበር ተካፍለው ሦስት ሳምንት ፈተሹ። ሁለቱም እልኸኞች ናቸው፤ እኔ ልቅደም፣ እኔ ልቅደም ሲሉ እያንዳንዱ የየራሱን ማስታወሻ ደብቆ ይጽፋል። በመጨረሻ የሚቀየር ዕቃ አለቀ። በዚያው ሰሞን አባቱ መሪጌታ ኃይለ ሚካኤል «ከበሮ መቺያችን እግሩ ተሰብሯል፤ የልጅነት ትምህርትህን ካልረሳኸው ና» ብለው ላኩበት። መንግሥቴም «ሂድ፣ እኔ አለሁ» አለው።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ደብተራዎቹ ለወረቡ ልምምድ ከዋርካው ሥር ቀኝና ግራ ሆነው ቆሙ። አለኸኝ ከበሮውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ መሃል ገባ። ጀመሩ፤ አማረ። ትንሽ ቆይቶ ግን ዜማው መሮጥ ጀመረ፣ ጸናጽሉ ከመቋሚያው ቀደመ፣ ሁሉም ተደነቃቀፈ። ቀኞቹ «ግራዎቹ ናቸው!» አሉ። ግራዎቹ «እናንተ ናችሁ እንጅ!» አሉ።

መሪጌታ መቋሚያቸውን አነሡ። «ዝም በሉ! ቀኙ ብቻ ቢስት ቀኙን በገሠጽሁ። ግራው ብቻ ቢስት ግራውን። ሁለታችሁም እኩል፣ እዚያው ቦታ ላይ ከሳታችሁ ግን ከናንተ ምን አለኝ? ሁለታችሁም የምትሰሙት አንድ ነገር ነው።» ከዚያ ወደ ከበሮው ዞሩ። «ልጀ፣ ልብህ የት ነው?»

«አባቴ፣ እስኪ ይድገሙልኝ!» አለ አለኸኝ።

ሲገሠጽ ድገሙልኝ የሚል ሰው አይተው አያውቁምና ደብተራዎቹ በሳቅ ፈረሱ። እሱ ከበሮውን አውርዶ ወደ ቴሌ ሮጠ። እነሱም ልጁ ምን ነካው ብለው ተከተሉት።

የስልክ ቤቷ ጸሐይነሽ «የአዲስ አበባ መስመር የለም» ልትል ነበር፤ ቀና ስትል አሥር ጥምጥም በሩን ሞልቶ አየችና መስመሩን አገኘችው።

«መንግሥቴ! ያንተ መርፌ ስንት ነጥብ ነው ዝቅ ያለችው?»

«ሁለት። ያንተስ?»

«ሁለት!»

ሁለቱ ጎን ለጎን ሲሠሩ ከርመው ይህን አልተጠያየቁም። «ወንበሮቹን ተዋቸው» አለ አለኸኝ። «ምልክቱን ለሁለቱም የሚልከውን ሳጥን ክፈት፤ የሚገባለትን ኤሌክትሪክ ለካና ደውልልኝ።»

ጥበቃው ረዘመ። መሪጌታ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው መቋሚያቸውን በጉልበታቸው መካከል ይዘዋል፤ ምኑም ባይገባቸው ከልጃቸው ጋር ስልኩን ይጠብቃሉ። ስልኩ ሲጮኽ ጸሐይነሽ እንኳ ደነገጠች።

«አሥር ቮልት መሆን ያለበት ዘጠኝ አይሞላም!» ይጮኻል መንግሥቴ። «አንዲት ብሎን ላልታ ነው። አጠበቅኋት!»

«መርፌዎቹስ?»

«ሁለቱም መሃል! አለቃው ራሱ ገብቶ ሞከረው። ሜዳው ላይ አረፈ! ሰኞ ሥራህ ላይ እንድትገኝ ብሏል!»

ጸሐይነሽ መስመሩን መዝጋት ረስታ እልልታውን አቀለጠችው፤ አዲስ አበባ ድረስ ተሰማ። አለኸኝ በደስታ ያገኘውን ሁሉ አቀፈ፤ እሷንም ጭምር።

መሪጌታ ቀስ ብለው ተነሡ። «እህሳ፣ በረረ?» አሉ።

«አልበረረም፣ አባቴ። ግን አረፈ።»

«እሽ። በል ከበሮህን ያዝ፤ ከሳትንበት እንጀምራለን።»

ወደ ዋርካው ተመለሱ። አለኸኝ ከበሮውን አንጠለጠለና መታ። ቀኙም ግራውም እኩል ሄደ።