የአሰለፈች ሽልንግ

አሰለፈችን የማያውቅ ሹፌር የመርሳን ከተማ አልፎ አያውቅም ማለት ይቻላል። መናኸሪያው በር ላይ፣ ከእኔ ጎን ብርቱካን ትሸጣለች። ጎረቤቷ ሆኜ ስንት እንደሳቅሁ አላህ ነው የሚያውቀው!

ሽልንግና ስሙኒ ከገበያ ሲጠፉ ሁላችንም መላ ፈጠርን። ሂሳቡ ሽርፍራፊ ካመጣ ወደ ድፍን ብር እናስጠጋለን፤ አንዳንዱ ለራሱ ያደላል፣ እኔ ማስቲካ እሰጣለሁ። አሰለፈች ግን በሽልንግ ፈንታ ሎሚ መስጠት ጀመረች።

"ሎሚው እኮ ከሽልንጉ ይበልጣል፣ አንቺ ሴትዮ!" አልኳት።

"ይብለጥ! የሰው ሽልንግ በልቼ እንቅልፍ አይወስደኝም፣ ሳሚራ።"

እንቅልፍ የነሳት ግን ሽልንግ ብቻ አልነበረም። የወልድያው ሚኒባስ ሹፌር መልካሙ ስንት ጊዜ በመስኮቱ ከእሷ ብርቱካን ገዝቷል! እሱ ይወዳታል፣ እሷም ትወደዋለች፤ ግን "ስንት ነው?" ከማለት አላለፉም። መሀል ላይ የምቃጠለው እኔ!

የጥምቀት ዕለት መንገዱ ታቦት በሚሸኝ ሰው ተጨናንቆ መልካሙ ከፊታችን ቆመ። ብርቱካኑን ገዛ፣ ከፈለ፣ መንገዱ ሲከፈትለት ነዳ። አሰለፈች የሽልንጉን ሎሚ አልሰጠችውም ነበር። ሎሚ አንስታ ሮጠች፤ አልደረሰችበትም፤ ወረወረችው። ዞር ሲል በመስኮቱ ገብቶ ደረቱን መታው።

በጥምቀት! ሎሚ! ደረቱ ላይ! ለወትሮው ወንዱ ነው ለወደዳት ልጅ የሚወረውረው። መንገዱ በእልልታ ተናጋ፤ እኔም አላስችል ብሎኝ አቀለጥኩት።

መልካሙ ሎሚውን ይዞ ወረደ። የአሰለፈች ፊት በርበሬ መሰለ።

"የሽልንግህ ምትክ ነው!" ብላ ጮኸች።

እልልታው ጸጥ አለ። መልካሙ ቅስሙ ተሰበረ።

"ምትክ ብቻ?" አላት ቀስ ብሎ።

ያ ረቢ፣ የዚህችን ሴት ምላስ ፍታልኝ! ብዬ ለመንኩ።

"አይ... ሎሚውን ለአንተው ብዬ ነው የወረወርኩት" አለች በመጨረሻ። "ሽልንግህ ገና አለብኝ።"

ከዚያማ ተሳፋሪው ሁሉ ወርዶ ጨፈረ። ወልድያ ቀጠሮ አለብኝ ሲል የነበረው ሰውዬ ሳይቀር ትከሻውን ሰበቀ።

ከፋሲካ በኋላ ተጋቡ። በቀደም "ሽልንጉንስ ከፈልሽው?" ብዬ ጠየቅኋት።

"ከየት አምጥቼ? ሽልንግ የለ!" አለችኝ እየሳቀች። "ዕዳውን ይዤ ዕድሜ ልኬን አብሬው እኖራለሁ እንጂ።"