ሣር የበቀለበት ትልም

አያታችን በጉብዝናቸው ዘመን አዲስ አበባ የቴኒስ ሻምፒዮን ነበሩ። ጡረታ ሲወጡ አገራቸው እስቴ ተመልሰው ገብስ አራሽና አስታራቂ ሽማግሌ ሆኑ። ዳኛ በሌለበት የቴኒስ ሜዳ የለመዷት አንዲት አባባል ነበረቻቸው፦ "ከተጠራጠርህ ነጥቡን ለባላጋራህ ስጥ።"

አንድ ጊዜ ሁለት ወንድማማቾች በድንበር ላይ ባለች አንዲት ትልም ተጣልተው እርሳቸው ዘንድ ቀረቡ።

"የእኔ ናት ብለህ ትምላለህ?" አሉት ታላቁን።

"መማሉንስ እንጃ፣ አባባ።"

"እንግዲያ ለወንድምህ ስጥ። አንተስ?"

"እኔም እንጃ" አለ ታናሹ።

"መልስለታ!"

የተሰበሰበው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። ትልሚቱን የሚያርሳት ጠፍቶ ሣር በቀለባት።

በአርባቸው ዕለት፣ ማንም ደፍሮ ያልተቀመጠበት መቀመጫቸው ሥር ያ ለምለም ሣር ተጎዝጉዞ አገኘሁት።

"ማን አጨደው?" ብዬ ጠየቅሁ።

ወንድማማቾቹ እርስ በርስ ተጠቋቆሙ፤ "እርሱ ነው!"