ጣት ነክሮ መሳፈር

በዝዋይ ሐይቅ ዳር ጀልባ የሚቀዝፉት ሽማግሌ ያችን የደበዘዘች አረንጓዴ ሸሚዛቸውን አይለውጧትም። እዚህ በተቀረጸው የቴሌቪዥን ድራማ ላይ የለበሷት እሷን ነው። ድሮ የሚያሳፍሩት ዓሣ አጥማጅ ብቻ ነበር፤ ድራማው ከታየ ወዲህ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ከአዳማም ከአዲስ አበባም ወጣቶች ይመጣሉ።

«ጋሼ፣ ድራማው ላይ ያለችው ጀልባ ይቺ ናት?»

«ናት። እኔም አለሁበት፤ ጀርባዬን አገር ያውቀዋል!» ብለው ሳቁ።

ወጣቶቹ ከመሳፈራቸው በፊት ድራማው ላይ እንዳለችው ተዋናይ ጎንበስ እያሉ ጣታቸውን ውሃው ውስጥ ነከሩ፤ ግንባራቸውንም ነኩ። ሽማግሌው ሳቃቸውን ትተው የእያንዳንዱን እጅ ተራ በተራ አዩ።

«የአካባቢው ልማድ ነው?» አልኳቸው፣ ከወጣቶቹ ኋላ ተራዬን እየጠበቅኩ።

«የባለቤቴ ነበር። እሷ ካረፈች በኋላ የማደርገው እኔ ብቻ ነበርኩ። ያቺ ተዋናይ ከእኔ አይታ ወሰደችው።» መቅዘፊያቸውን አነሡ። «አብሮኝ ይቀበራል ብዬ ነበር።»

እግሬን ወደ ጀልባዋ ሳነሣ መቅዘፊያውን ከፊቴ አጋደሙት።

«አንተስ፣ ልጄ?»

ጎንበስ አልኩ። ውሃው ለብ ያለ ነበር።