በመዳፍ የተቀመሰው ጠላ

ልጅ ሳለሁ፣ ከብቱ ገብቶ በሩ ከተዘጋ በኋላ፣ አያቴ ከምድጃው አጠገብ ካለው መደብ ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተረት ያወሩልን ነበር። ቤታችን ከቡሬ ወጣ ብሎ ነበር። ኩራዙ ጋዝ እንዳይጨርስ ይጠፋና የፍሙ ብርሃን ብቻ ፊታቸውን ከታች ያቀላዋል፤ ጭሱ ዐይናችንን ቢያስለቅሰንም እኛ ንቅንቅ አንልም። የጅቡና የአህያይቱ ነገር ካለቀ በኋላ ግን፣ ያኔ ድምፃቸው ይለወጥና ተረት ያልሆነውን ይጀምሩታል፤ የአባታቸውን አሟሟት።

ዘመኑ የጣሊያን ነው። አባታቸው ጫካ የገቡ አርበኛ ነበሩ። የመድኃኔ ዓለም ጽዋ ማኅበር ተረኛው ጎረቤታቸው ፈንቴ ነበርና፣ ከማኅበር አልጎድልም ብለው ቀይ ማንገቻ ያለው ጠመንጃቸውን አንግተው መጡ። ደጅ ላይ ውሻ ጮኸ። አያቴ ያኔ ልጅ ነበሩ፤ ከአባታቸው ጉልበት ሥር ተቀመጡ። ጠላው ተቀዳ፣ የመጀመሪያውን ዋንጫ አባታቸው ጠጡ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ እየተንፈራገጡ ሞቱ። «ፈንቴ ለጣሊያን አድሮ ማኅበርተኛውን በመርዝ ገደለ» ይሉና አያቴ እሳቱን ይቆሰቁሱታል። «ከዚያ ቤት ውኃ እንኳ እንዳትቀምሱ!»

አልቀመስንም። የዚያን ቤት ሰው ሁሉ ስንጠላ አደግን።

ዕዳው የወደቀው ግን በአክስቴ በየሺ ላይ ነው። የአያቴ የመጨረሻ ልጅ ናት። የፈንቴ የልጅ ልጅ ሽማግሌ ልኮ ጠየቃት፤ እሷም ትወደው ነበር። አያቴ ሽማግሌዎቹን ቁጭ በሉ እንኳ ሳይሉ ከደጅ መለሷቸው። እሷም ሌላ ባል አላገባም ብላ ፍኖተ ሰላም ገባች። ሰውየው ሌላ አገባ፣ ወለደ፣ ሞተም። ከተማ ወስዳ ያስተማረችኝ እሷ ናት፤ ብቻዋን ስታረጅም አይቻታለሁ።

አያቴ ካረፉ በኋላ መጠየቅ ጀመርኩ። የአክስቴ ዕድሜ እውነት ለሆነ ነገር መባከኑን ብቻ ማወቅ ፈለግሁ። አንዱ ፈንቴ ባንዳ ነበር ይለኛል፣ ሌላው በሽታ ነው የገደላቸው ይለኛል፣ ብዙዎቹ ተይው ይሉኛል። በመጨረሻ፣ በዚያ ዘመን ልጅ የነበሩ አንድ አዛውንት ቄስ ከቤተ ክርስቲያኑ አጸድ ሥር አገኘሁ።

«ጠላው ተቀምሷል እኮ፣ ልጄ» አሉኝ።

እንዴት እስከዚያ ድረስ አላሰብኩትም! በአገራችን ቀጂ መጀመሪያ ከሚቀዳው ላይ በመዳፉ ጠብ አድርጎ ሳይጠጣ ለእንግዳ አይሰጥም። መርዝ እንደሌለበት ምስክሩ የቀጂው ጉሮሮ ነው። በየማኅበሩ ሳየው ኖሬያለሁ።

«ማን ቀመሰው፣ አባ?»

«የፈንቴ ልጅ ናት። ቀጂዋ እሷ ነበረች፤ ገና ለጋ።» በመቋሚያቸው ወደ ወይራው ሥር አመለከቱ። «ያን ጊዜ ሁለት ጉድጓድ ነው የተቆፈረ። አንዱ አጭር ነበር። አባቷ ብቻውን ነው የቆፈረላት፤ ሰው ሁሉ ባንዳ ብሎት አላገዘውም።»

ልጁን እያስቀመሰ መርዝ የሚያጠጣ አባት ይኖራል? «ታዲያ ማን ነው የጨመረበት?» አልኳቸው።

«እሱን እግዜር ነው የሚያውቅ። ያየ ሁሉ አልቋል።»

«ስሟስ ማን ነበር?»

«ጠፋኝ፣ ልጄ» አሉ።

ፍኖተ ሰላም ስደርስ አክስቴ ምስር ትለቅም ነበር። ሁሉንም ነገርኳት። ታለቅሳለች ብዬ ነበር፤ እጇ ብቻ ሰፌዱ ላይ ቀረ።

«አባባ እዚያው አልነበሩም ወይ?» አለችኝ።

አያቴ እዚያው ነበሩ። ከአባታቸው ጉልበት ሥር ሆነው የልጅቷን መዳፍ አይተዋል። ቀብሩንም አይተዋል። አክስቴ ሰፌዱን መሬት አስቀምጣ «አሁን ይህን ለምን ነገርሽኝ?» አለች፤ ከዚያ ወዲህ ስለ ነገሩ አንስታ አታውቅም። እኔም ደግ የሠራሁ መስሎኝ ነበር።

አያቴን እወዳቸው ነበር፤ አሁንም መጥላት አቃተኝ። ያን ወሬ ከነድምፃቸው፣ ከነጭሱ በቃሌ እችለዋለሁ። እንቅልፍ እንቢ ሲለኝ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እወጣዋለሁ። የጠመንጃው ቀይ ማንገቻ አለበት። ደጅ የጮኸው ውሻ አለበት። ልጅቷ የለችበትም።